ዓይን አልገለጥ ሲል፦ ክሬም፣ መርፌ፣ ኪኒን ወይስ ሌላ?

እናቴ መንገድ ስትሻገር ሁልጊዜ ጣቷን ቅንድቧ ላይ ትጭን ነበር። ለረጅም ጊዜ ልማድ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቃት «ካልያዝኩት ይጨፈንብኛል» አለችኝ። እንቅልፍ አልነበረም፣ ድካምም አልነበረም። ሁለቱም ዓይኖቿ ሳታዛቸው ጥብቅ ብለው ይዘጋሉ፤ ከሰው ጋር ቆማ እያወራች ይዘጋሉ፣ ደረጃ እየወረደች ይዘጋሉ፣ መኪና ሲመጣ እያየችው ይዘጋሉ። ዓይኗ ሲመረመር ምንም የለበትም፣ በደንብ ያያል። ግን ቆቡ ካልተገለጠ ማየት መቻሉ ምን ይፈይዳል?

ከዚያ ወዲህ ለዚህ ችግር መፍትሔ ነው የተባለውን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። ግማሹን ደግሞ አብረን ሞክረነዋል። ሰው አብዝቶ የሚጠይቀኝ ስለ ክሬሙ ነው። «የቦቶክስ መርፌን የሚተካ ክሬም ወጥቷል አሉ፣ እውነት ነው?» ይሉኛል። መልሴን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። አይተካም። ነገር ግን መርፌ እየወሰዱ ከሆነ፣ ለአንዳንድ ሰው የመርፌውን ዕድሜ ትንሽ ሊያራዝም ይችላል የሚል ፍንጭ አለ። ፍንጩ ትንሽ ነው፣ ግን በወጉ ከተሠራ ሙከራ የመጣ ነው። ስለዚህ መሞከር ለሚፈልግ ሰው «ተው» አልልም። እንዴት እንደሚሞከር ግን እነግረዋለሁ።

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለይ

ዓይኔ ይርገበገባል የሚል ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር የለበትም። ይህን ሳይለዩ ክሬም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በጣም የተለመደው፣ በጣም ቀላሉም ነው። ብዙ ጊዜ የአንድ ዓይን የታችኛው ቆብ፣ ከቆዳው ስር ትል የሚሄድበት ይመስል ይንቀጠቀጣል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው እንኳን ላያየው ይችላል፤ ለባለቤቱ ግን ፊቱ በሙሉ የሚዘል ይመስለዋል። ሐኪሞች ማዮኪሚያ ይሉታል። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ቡና ማብዛት፣ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ያባብሱታል። በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይተዋል። ለዚህ ክሬምም መርፌም አያስፈልግም፤ ቡናውን መቀነስና በደንብ መተኛት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በራሱ የሚያልፍ ነገር ላይ ምንም ነገር ቢቀቡበት፣ የተቀባው ነገር ያዳነ ይመስላል። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቀኝ» የሚል ምስክርነት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የትኛው ዓይነት ነበር?

ሁለተኛው የፊትን አንድ ጎን ብቻ የሚይዘው ነው። ከዓይን ይጀምርና ቀስ እያለ ጉንጭና የአፍ ጥግ አብረው ይሳባሉ። እንቅልፍ ላይ ሳሉም ሊቀጥል ይችላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ነርቭ ከአንጎል ግንድ በሚወጣበት ቦታ ላይ የተጫነው የደም ስር ነው። ለዚህ ኤምአርአይ መነሳት ተገቢ ነው፤ ደም ስሩን ከነርቩ የሚያርቅ ቀዶ ጥገናም አለ። መርፌውም ይሠራለታል።

ሦስተኛው የእናቴ ነው። ብሌፋሮስፓዝም ይባላል። ሁለቱም ዓይኖች አብረው ይጨፈናሉ። ብዙውን ጊዜ ከ50 ዓመት በኋላ ይጀምራል፣ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። መጀመሪያ ላይ ዓይን ማርገብገብ ይበዛል፣ ብርሃን ያስቸግራል፣ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁራል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ለዓመታት በደረቅ ዓይን ጠብታ ብቻ የሚንከራተተው። ችግሩ ግን ያለው ዓይኑ ላይ ሳይሆን አንጎል ጡንቻን በሚያዝበት መንገድ ላይ ነው። የሚገርመው የጣቱ ነገር ነው። ቅንድብን ወይም ጆሮ ግንድን መንካት፣ ማውራት፣ መዝፈን፣ ማስቲካ ማኘክ ለጊዜው ዓይኑን ይከፍተዋል። ሐኪሞች ይህንን እንደ ምልክት ያዩታል። እናቴ ጣቷን ቅንድቧ ላይ ስትጭን ሳታውቀው የራሷን ምርመራ እየነገረችን ነበር።

አንድ ሐኪም «ጭንቀት ነው፣ አትጨነቂ» ብሎ መልሷታል። እስካሁን ያናድደኛል። ይህ ችግር ለረጅም ዘመን የአእምሮ ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ የፈረንሳዩ የነርቭ ሐኪም ሄንሪ ሜዥ ግን በ1910 እ.ኤ.አ. ዓይንና መንጋጋን አብሮ የሚይዘውን ዓይነት በዝርዝር ጽፎት ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። «ጭንቀት ነው» ተብላችሁ ከተመለሳችሁና ዓይናችሁ አሁንም የሚጨፈን ከሆነ፣ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። የነርቭ ሐኪም ወይም የነርቭ ችግርን የሚያውቅ የዓይን ሐኪም ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ መድኃኒቶች ራሳቸው ይህን ያመጣሉ። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩት። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

መርፌው፦ ሌሎቹ የሚለኩበት

ለብሌፋሮስፓዝም የመጀመሪያው ምርጫ የቦቱሊነም ቶክሲን መርፌ ነው። ሰው በቆዳ መጨማደድ የሚያውቀው ቦቶክስ መጀመሪያ ፈቃድ ያገኘው ለመጨማደድ አልነበረም። የሳንፍራንሲስኮው የዓይን ሐኪም አለን ስኮት ለተንሸዋረረ ዓይን ሲሞክረው ቆይቶ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ለመንሸዋረርና ለብሌፋሮስፓዝም ነበር። ዛሬ ዜኦሚንና ዲስፖርትም አሉ። የአንዱ ዩኒት ከሌላው ዩኒት ጋር እኩል ስላልሆነ፣ የተወጋችሁትን ስምና መጠን ጽፋችሁ ያዙ።

መርፌው በጣም ቀጭን ነው። ዓይኑ ዙሪያ ጥቂት ነጥቦች ላይ፣ ትንሽ ትንሽ ይወጋል። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጋ እጄን ጨብጣ ነበር፤ ያማታል ብላ የፈራችውን ያህል አላመማትም፣ የላይኛው ቆብ ላይ ያለችው ነጥብ ብቻ እንባ አስነባቻት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሳሎን ስገባ ጋዜጣ በሁለት እጇ ይዛ ታነባለች። በሁለት እጇ! ሁልጊዜ አንዱ እጅ ቅንድቧ ላይ ስለነበር፣ ያን ሳይ ምን እንደምል ጠፋኝ።

መርፌው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ በአንድና ሁለት ሳምንት ይጠነክራል፣ በአማካይ ሦስት ወር ያህል ይቆያል። ጉዳቱም አለ። የላይኛው ቆብ ሊወርድ ይችላል፣ ዓይን ሊደርቅ ይችላል፣ ነገር ሁለት ሆኖ ሊታይ ይችላል፣ ቦታው ሊበልዝ ይችላል። እነዚህ ያልፋሉ፤ መርፌው ሲለቅ አብረው ይለቃሉ። እናቴ በሁለተኛው ዙር አንድ ቆቧ ወርዶ ለሳምንታት ተበሳጭታለች። በሚቀጥለው ዙር ሐኪሟ ነጥቡን ትንሽ ወደ ጎን አራቀው፣ ያ ችግር አልተመለሰም። ስለዚህ አንድ ዙር ባይሳካ በመርፌው ተስፋ አትቁረጡ፤ መጠኑና ቦታው ለእያንዳንዱ ሰው እየተስተካከለ የሚሄድ ነገር ነው። ማያስቴኒያ ግራቪስ (ጡንቻን የሚያደክም በሽታ) ያለበት፣ እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ ሰው ግን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለባቸው።

ትልቁ ችግር መጨረሻው ላይ ነው። አሥረኛው፣ አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ መርፌው እየደከመ ይመጣል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ግን ገና ነው። ቶሎ ቶሎ መውጋት ደግሞ አይመከርም፤ ሰውነት መድኃኒቱን መላመድና መከላከል እንዳይጀምር ሦስት ወር ያህል ይጠበቃል። የክሬሙ ጥያቄ የሚነሳው እዚህች ክፍተት ውስጥ ነው።

ክሬሙ፦ ምን ተገኘ፣ ምን አልተገኘም

ክሬሙ ውስጥ ያለው ነገር አሴቲል ሄክሳፔፕታይድ-8 ይባላል። በገበያ ስሙ አርጂሬሊን ነው። ስድስት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች) የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው፣ እንዲህ ያለው ሰንሰለት ፔፕታይድ ይባላል፣ የተሠራውም ለፊት መጨማደድ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ነርቭ ጡንቻን እንዴት እንደሚያዝ ማየት ይጠቅማል። ነርቩ ጫፍ ላይ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል በትንንሽ ከረጢቶች ተቀምጧል። ከረጢቱ እንዲፈስ ሦስት ፕሮቲኖች እንደ ገመድ መገመድ አለባቸው። ቦቱሊነም ቶክሲን ከሦስቱ አንዷን ክር፣ ስናፕ-25 የምትባለውን፣ ይቆርጣታል። ገመዱ አይገመድም፣ ኬሚካሉ አይፈስም፣ ጡንቻው ይረግባል። አርጂሬሊን ደግሞ የዚያችኑ ክር ጫፍ አስመስሎ የተሠራ ነው። አይቆርጥም። እንደ ሐሰተኛ ክር መሀል ገብቶ ግመዳውን ያላላል ተብሎ ነው የታሰበው። ሐሳቡ ቆንጆ ነው።

ጥያቄው እዚያ ይደርሳል ወይ ነው። ቆዳ በር ጠባቂ ነው። የቆዳ ተመራማሪዎች እንደ ግምታዊ ደንብ የሚጠቀሙት፣ ከ500 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) በላይ የሚመዝን ሞለኪውል በጤነኛ ቆዳ ማለፍ ይቸግረዋል የሚል ነው። አርጂሬሊን 890 ዳልተን ገደማ ነው፣ ውሃ ወዳድም ነው፤ ሁለቱም አያግዙትም። የዓይን ቆብ ቆዳ ግን ከሰውነታችን ሁሉ በጣም ስስ ነው፣ ጡንቻውም ወዲያው ከስሩ ነው። ሰው ተስፋ ያደረገው በዚህ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ቦቱሊነም ቶክሲን ራሱ 150,000 ዳልተን ነው፤ «በክሬም መልክ የመጣ ቦቶክስ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ይህን ቁጥር አስታውሱ።

ወደ ሙከራው እንምጣ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ ይሠሩ የነበሩ የነርቭ ሐኪሞች፣ ማርክ ሃሌት የነበረበት ቡድን፣ ብሌፋሮስፓዝም ባለባቸው 24 ሰዎች ላይ ሞክረውታል። ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሁሉም መርፌ ተወግተዋል። ከዚያ ገሚሱ እውነተኛውን ክሬም፣ ገሚሱ ባዶውን ክሬም በየቀኑ ተቀቡ። ማን የትኛውን እንደያዘ ሐኪሙም ታካሚውም አያውቅም። የለኩት ዓይኑ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ወደነበረበት ሁኔታ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ነው። ባዶውን የተቀቡት በ3.0 ወር፣ እውነተኛውን የተቀቡት በ3.7 ወር ተመለሱ። እውነተኛውን ከተቀቡት አንድ ሦስተኛው ግልጽ ማራዘም አሳይተዋል፤ ከ3.3 እስከ 7.1 ወር የደረሱ ነበሩ። ከባድ ጉዳት አልታየም።

ይህን በጥንቃቄ እናንብበው። የ0.7 ወር ልዩነት ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ በዚያች ክፍተት ውስጥ ለሚሰቃይ ሰው ሦስት ሳምንት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የጠሩት «አዝማሚያ» ብለው ነው እንጂ ተረጋገጠ አላሉም። 24 ሰው ለሁለት ሲከፈል ጥቂት ነው፤ አንድ ሁለት ሰው በአጋጣሚ ረጅም ዙር ቢያገኝ ቁጥሩን ሊስበው ይችላል። ደግሞ ሁሉም መርፌ ተወግተው ነበር። ክሬሙ ብቻውን የተጨፈነ ዓይን ይከፍታል ወይ ለሚለው ይህ ሙከራ መልስ አይሰጥም፤ ሻጮች ግን የሚጠቅሱት እንደመለሰ አድርገው ነው።

የእሽጉ ላይ ቁጥርም ያታልላል። «10 በመቶ አርጂሬሊን» ሲባል ብዙ ጊዜ 10 በመቶው ፔፕታይዱ ሳይሆን ፔፕታይዱ የሟሟበት ፈሳሽ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ፔፕታይድ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ከሱቅ የተገዛው ክሬም ሐኪሞቹ ከሞከሩት ጋር አንድ ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም። ሬቲኖል፣ አሲድ ወይም ሽቶ የተቀላቀለበትን ደግሞ ዓይን አጠገብ አታድርሱ። ዓይን ሲቆጣ መርገብገቡ ይብሳል፤ ለመድኃኒት የቀባችሁት ነገር በሽታውን ያባብሳል ማለት ነው።

መሞከር ከፈለጋችሁ እንዲህ ሞክሩ

መጀመሪያ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ቀጥሎ፣ ያለ ክሬም አንድ ሙሉ የመርፌ ዙር መዝግቡ። ይህን ሰው ይዘለዋል። ያለ ክሬም ስንት ቀን እንደሚቆይላችሁ ካላወቃችሁ ክሬሙ እንዳራዘመው በምን ታውቃላችሁ?

እኛ ደብተር ገዛን። በየሳምንቱ እሁድ ማታ ሁለት ቁጥር እንጽፋለን፤ አንዱ ምን ያህል ይጠብቃል፣ ሌላው ምን ያህል ይደጋገማል፣ ሁለቱም ከ0 እስከ 4። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የጃንኮቪች መለኪያም እንዲሁ ነው። በዚያው ሰዓት በስልክ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እቀርጻታለሁ፤ እዚያው ወንበር ላይ፣ እዚያው መብራት ስር፣ ስታወራ ግማሽ ደቂቃ፣ ዝም ስትል ግማሽ ደቂቃ። ዝም የምትልበት ግማሽ ነው እውነቱን የሚያሳየው፤ ማውራት ለጊዜው ስለሚያሻሽለው። ቪዲዮው የጠቀመን ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ሐኪም ፊት ስትቀመጥ ዓይኗ ቁጭ ብሎ ይከፈታል፣ ብዙ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል። ቪዲዮውን ስናሳየው ያኔ ገባው።

ክሬሙን በመጀመሪያ ክንድ ላይ ለጥቂት ቀናት ሞክሩት። ካልቆጣ፣ ከቅንድብ በታች ባለው አጥንት ላይና ከዓይን በታች ባለው አጥንት ላይ ቀቡት፣ የሽፋሽፍት ጠርዝ ላይ አይደለም። ዓይን ውስጥ አይግባ። ቢቀላ፣ ቢያሳክክ፣ ቢያብጥ አቁሙ።

ከቻላችሁ ደግሞ ራሳችሁን ከራሳችሁ ተስፋ ጠብቁ። ሦስተኛ ሰው ክሬሙንና ተመሳሳይ የሆነ ተራ ክሬም በሁለት አንድ ዓይነት ብልቃጥ ይሙላ፣ ሀ እና ለ ብሎ ይጻፍባቸው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ደብቆ ይያዝ። አንዱን ዙር ሀ፣ ሌላውን ዙር ለ ትቀባላችሁ። ልጅ አይደለንም ብላችሁ አትናቁት። ለመሻሻል ከመጓጓታችን የተነሳ ያልተሻለውን ተሽሎ እናየዋለን፤ ብልቃጡ ላይ የተጻፈ ፊደል ግን አይጓጓም። በእነዚህ ዙሮች የመርፌው ዓይነትና መጠን አይቀየር፣ አዲስ ኪኒንም አይጀመር።

የእኛ ውጤት ይኸው። ያለ ክሬም 79 ቀን። በክሬም 88 ቀን። በጣም ደስ አለን። ቀጥሎ ያለ ክሬም ስንመዘግብ 85 ቀን ሆነ። የእናቴ ዙር በራሱ ከፍ ዝቅ የሚል ነው ማለት ነው፤ ያ የ9 ቀን ደስታ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አልቻልንም። ለእሷ ስለማይለይ ትታዋለች። ለእናንተ ልዩነቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል፣ በተደጋጋሚ ዙር ከታየ ቀጥሉበት።

ኪኒን፣ መነጽር፣ ቀዶ ጥገና

ኪኒኖቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ክሎናዜፓም፣ ባክሎፌን፣ ትራይሄክሲፌኒዲል ይሰጣሉ። ለአንዳንድ ሰው ያግዛሉ፣ ግን እንደ መርፌው አይታመኑም፣ ጉዳታቸውም መላ ሰውነትን ይነካል። ክሎናዜፓም ያስተኛል፣ ሱስም ያስይዛል፣ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ትራይሄክሲፌኒዲል አፍ ያደርቃል፣ እይታን ያደበዝዛል፣ በእድሜ የገፉ ሰዎችን ያዘነጋል። በእኔ አስተያየት መርፌ ብቻውን ካልበቃ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

መነጽሩን ግን አትናቁ። ኤፍኤል-41 የሚባል ወደ ሮዝ የሚያደላ ቀለም የተቀባ መነጽር አለ፣ ብርሃን የሚያስቸግራቸውን ሰዎች የዓይን መርገብገብ እንደሚቀንስ ታይቷል። ምንም ጉዳት የለውም፣ ከማንኛውም ሕክምና ጋር አብሮ ይሄዳል። ቤት ውስጥ በጣም ጥቁር መነጽር ማድረግ ግን ዓይንን ጨለማ አስለምዶ ብርሃንን ይበልጥ እንዳይችል ያደርጋል። ደረቅ ዓይን ካለ ደግሞ እሱን በጠብታ ማከም ራሱ መጨፈኑን ያቀልለዋል። ክሬምና መነጽር መካከል ምረጥ ብትሉኝ መነጽሩን እመርጣለሁ።

ቀዶ ጥገናው የዓይን ዙሪያውን ጡንቻ ከፊሉን ቆርጦ ማውጣት ነው። መርፌው በወጉ ተሞክሮ ላልሠራላቸው ሰዎች ነው። ከዚያ በኋላም መርፌ የሚያስፈልጋቸው አሉ። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ ችግሩ ዓይን መጨፈኑ ሳይሆን ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ ትእዛዝ አለመቀበሉ ነው፤ መርፌ «አልሠራልኝም» ከሚሉት ውስጥ እነዚህ አሉበት፣ ሐኪሙ ይህን መለየት አለበት።

ታዲያ የትኛውን?

አንድ ቆብ ብቻ በትንሹ የሚንቀጠቀጥባችሁ ከሆነ፣ ምንም አትግዙ፣ ጠብቁ። ከጥቂት ሳምንታት ካለፈ፣ ፊት ላይ ከተዛመተ፣ ዓይን ሙሉ በሙሉ ከተጨፈነ፣ ከቀላና ካመመ ወይም ቆቡ ከወረደ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ብሌፋሮስፓዝም ከተባላችሁና መርፌ ካልጀመራችሁ፣ በክሬም ወራት አታባክኑ፤ መንገድ መሻገር፣ መኪና መንዳት፣ ደረጃ መውረድ በዓይን ነው፣ ክሬሙ እስኪሠራ እየተጠበቀ የሚወደቅ መውደቅ አይመለስም። መርፌ እየወሰዳችሁ የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ብቻ የሚያስቸግሯችሁ ከሆነ፣ ክሬሙ የሚሞከረው ለእናንተ ነው። መርፌን በጣም የምትፈሩ ከሆነ ደግሞ በመነጽሩና በጠብታው ጀምሩ፣ ፍርሃታችሁንም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ማደንዘዣ ቅባት መቀባትና በረዶ መያዝ ሕመሙን ይቀንሳሉ።

እናቴ አሁን መርፌውን በተወጋች ዕለት፣ ከክፍሉ ሳትወጣ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ታስይዛለች። ድሮ ሲጨፈንባት ነበር ወረፋ የምትይዘው፣ ወረፋው ደግሞ ሌላ ወር ይወስድ ነበር። ከሞከርነው ሁሉ ክፍተቱን በጣም ያጠበበላት ይህ ነው።